ውጤቱን አንዴ ብቻ ላኩት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተለቀቀ ሰዓት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤቱ መለቀቁን ባስታወቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ድረ ገጹ ይጨናነቃል። ተፈታኙ የምዝገባ ቁጥሩን ያስገባል፤ ክቡ ይሽከረከራል፤ ገጹ አልከፈት ይላል፤ ተፈታኙ እንደገና ይሞክራል። በሞከረ ቁጥር ደግሞ ትንፋሽ ባጠረው ሰርቨር ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምርበታል። በ2017 ዓ.ም. ለፈተናው የተቀመጡት ከ5 መቶ 80 ሺህ በላይ ነበሩ፤ የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በ2015 ዓ.ም. ያለፈው 3.2 በመቶ ነበር። ዕድሉ እንዲህ ሲጠብ ማንም «ነገ አየዋለሁ» ብሎ አይተኛም። ውጤቱን የሚጠብቀውም ተፈታኙ ብቻ አይደለም፤ እናት አለች፣ ታላቅ ወንድም አለ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የምትኖር አክስት አለች፣ የክፍል ኃላፊው መምህር አለ። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ሰዓት ወደ አንድ አድራሻ ይጎርፋል። አዲስ አበባ ጥሩ መስመር ያለው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙከራ ይሳካለት ይሆናል። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደጋው አፋፍ ወደ ቆላው በሚወርደው የሰሜን ሸዋ አንኮበር ወረዳ ያለው ተማሪ ግን ሲግናል ፍለጋ ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ ያመሻል።

ለዚህ ችግር ሁልጊዜ የሚቀርበው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰርቨሩን ማጠናከር ነው፤ ሌላኛው መንገዱን ማብዛት። መንገዱ በእርግጥ በዝቷል፤ ከድረ ገጹ ሌላ በ6284 አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ይቻላል፣ የቴሌግራም ቦትም አለ። ይህ መልካም ነው፤ አገልግሎቱም ሊመሰገንበት ይገባል። ነገር ግን ሦስቱም መንገዶች አንድ ጠባይ ይጋራሉ፤ እያንዳንዱ ሰው በየተራ ይጠይቃል፣ ለእያንዳንዱ ሰው በየተራ ይመለስለታል። የመጠየቂያው በር ቢበዛም ከበስተጀርባ ያለው አሠራር አልተለወጠም። እኔ የምለው ችግሩ የሰርቨሩ ማነስ ሳይሆን አላላኩ ነው፤ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት የሚፈልገውን ነገር ለእያንዳንዱ ለብቻ እየቆጠሩ መላክ በትልቅ ማሽንም ቢሆን ብክነት ነው።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ መሥራት ይቻላል። የአንድ ተፈታኝ ውጤት ማለት የምዝገባ ቁጥር፣ ስም፣ የስድስት ትምህርት ነጥብና ድምር ነው። ይህን ለመያዝ 100 ባይት በቂ ነው ብለን እንነሣ። የ5 መቶ 85 ሺህ ተፈታኝ ውጤት ሁሉ ተደምሮ 60 ሜጋባይት አይሞላም፤ በስልክ ከተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ያነሰ ማለት ነው። አሁን በሌላ በኩል እንየው። ውጤቱ የሚታይበት ገጽ ከነዓርማው፣ ከነሥዕሉ፣ ከነቅርጸ ፊደሉና ከነፕሮግራሙ 1 ሜጋባይት ይመዝናል እንበል፤ ለዛሬ ድረ ገጽ ይህ ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ ተፈታኝ አንድ ጊዜ ብቻ ቢከፍተው፣ ያውም አንድም ሙከራ ሳይከሽፍ፣ ወደ 6 መቶ ጊጋባይት የሚጠጋ ጭነት ከሰርቨሩ ይወጣል። ይህም ከውጤቱ መጠን 10 ሺህ እጥፍ ነው። ሁሉም በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ቢመጡ ሰርቨሩ በሴኮንድ 8 ጊጋቢት የሚጠጋ መልቀቅ አለበት፤ በማግስቱ ደግሞ ያ ሁሉ አቅም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በዓመት ለአንድ ቀን ጎርፍ የሚሆን ማሽን ገዝቶ 364 ቀን ማስቀመጥ ለእኛ አገር በጀት የሚመከር አይደለም።

ድሮ አዋጅ ሲወጣ ነጋሪት ገበያ መሀል ይጎሰም ነበር። አንኮበር አጠገብ ባለው አልዩ አምባ ገበያ የወጣው ነጋዴ፣ ገበሬና ሲራራ ሁሉ አዋጁን በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ እየዞረ አላንሾካሾከም። በኮምፒውተር ኔትወርክ ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው አሠራር መልቲካስት ይባላል። ላኪው መረጃውን አንድ ጊዜ ብቻ ይለቃል፤ መረጃው በአንድ የቡድን አድራሻ ይጓዛል። የሚፈልግ ተቀባይ ለቅርቡ ራውተር «እኔም የዚህ ቡድን አባል ነኝ» ብሎ ያስታውቃል፤ ራውተሩም በተራው ከበላዩ ላለው ያስታውቃል። መረጃው በአንድ መስመር ላይ የሚሄደው አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ ነው፤ የሚባዛው መንገዱ በሚለያይበት ራውተር ላይ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ባለው 130 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ አሥር ሰው ቢጠብቅም አሥር ሺህ ሰው ቢጠብቅም የሚያልፈው ያው አንድ ቅጂ ነው። ላኪው ሰርቨርም ስንት ሰው እየተቀበለ እንደሆነ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ስለዚህ በሰው ብዛት አይጨነቅም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ስቲቭ ዲሪንግ የመልቲካስትን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1989 በኢንተርኔት መደበኛ ሰነድነት አሳተመው፤ ከ224 እስከ 239 የሚጀምሩት የኢንተርኔት አድራሻዎች ለዚሁ ተግባር ተለይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ኤምቦን የተባለው የሙከራ አውታር የአንድ ስብሰባን ድምፅ ለብዙ አገሮች አስተላለፈ፤ በ1994 የሮሊንግ ስቶንስ ኮንሰርት በዚያው መንገድ ታየ። ከዚያ ጥያቄው ወደ ድረ ገጽ ዞረ። በ1995 የጆርጂያ ቴክ ሰዎች፣ ራስ ክላርክና ሙስጠፋ አማር፣ የተጨናነቀ ሰርቨር ገጹን በመልቲካስት ቢያድል ሸክሙ እንደሚቀል ጻፉ። በ1998 ኬቪን አልሜሮዝ፣ አማርና ዞንግሚንግ ፌይ ሐሳቡን ወደ ፊት ገፉት፤ ከሁሉ በላይ የሚፈለጉትን ጥቂት ገጾች ሰርቨሩ ማንም ሳይጠይቀው እያዞረ ይልቀቃቸው፣ የቀሩትን ብዙ ግን ፈላጊያቸው ጥቂት የሆኑ ገጾች እንደ ወትሮው በጥያቄ ይስጥ አሉ። ይህ ክፍፍል ከድረ ገጽ ጠባይ ጋር በጣም ይስማማል፤ በየትኛውም ሰርቨር ላይ ጥቂት ገጾች አብዛኛውን ጥያቄ ይወስዳሉና። የዚያኑ ዓመት መስከረም ዓለም ችግሩን በዓይኑ አየው፤ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ላይ የቀረበው የስታር ሪፖርት በኢንተርኔት ሲለቀቅ የአሜሪካ ምክር ቤት ሰርቨሮች ተጨናነቁ፤ ሰው ያነበበው የዜና ተቋማት ሰነዱን እየቀዱ በየራሳቸው ገጽ ስላወጡት ነው።

እያዞሩ መላክ የሚለው እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። 60 ሜጋባይቱን ፋይል እያንዳንዳቸው 1 ሺህ 400 ባይት በሆኑ ቁርጥራጮች ብንከፍለው 43 ሺህ ገደማ ፓኬት ይሆናል። ሰርቨሩ ከአንደኛው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይልክና ወደ አንደኛው ይመለሳል፤ ይህን ቀኑን ሙሉ ይደጋግማል። በመሀል የገባ ተቀባይ፣ ለምሳሌ 20 ሺህኛው ፓኬት ሲያልፍ የደረሰ፣ ከዚያ ጀምሮ ይሰበስባል፤ ዙሩ ተመልሶ 20 ሺህኛው ላይ ሲደርስ ፋይሉ ሙሉ ይሆናል። መንገድ ላይ የጠፋ ፓኬት ካለ ሰርቨሩን «ድገምልኝ» ማለት የለም፤ በሚቀጥለው ዙር ይመጣል። አንድ ፓኬት ለማግኘት ሙሉ ዙር መጠበቅ አሰልቺ ነው ለሚል ሰውም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ማይክል ሉቢና ባልደረቦቹ ዲጂታል ፏፏቴ ያሉትን ዘዴ አቀረቡ፤ በዚህ ዘዴ ፋይሉ በልዩ ሒሳብ ተለውሶ ስለሚላክ የትኛውም ፓኬት የትኛውንም ይተካል፤ ከ43 ሺህ ጥቂት በመቶ የሚበልጥ የደረሰው ሰው፣ የትኞቹም ይሁኑ፣ ፋይሉን መልሶ ይገጣጥማል። ነገሩ ከድረ ገጽም በፊት የነበረ ነው፤ የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 2012 ሲፋክስ በተባለው አገልግሎቱ ዜናና የአየር ጠባይ ገጾችን በቴሌቪዥን ሞገድ ላይ እያዞረ ሲያሰራጭ ኖሯል። ተመልካቹ የገጹን ቁጥር ይነካል፣ ገጹ በዙሩ እስኪመጣ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ያነባል። ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ቢነኩም ማሰራጫው አያውቀውም፣ አይጨናነቅምም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ ለምን ዓለም መልቲካስትን በሰፊው አልተጠቀመበትም? ይህ ከሁሉ የጠነከረው መቃወሚያ ነው። በተከፈተው ኢንተርኔት ላይ መልቲካስት እንደታሰበው አልሆነም። አንድ ኩባንያ የለቀቀውን ቅጂ ሌላው ኩባንያ በራሱ ራውተሮች ላይ ሲያባዛ ሒሳቡን ማን ለማን እንደሚከፍል አልተስማሙም፤ ራውተሮቹ ለእያንዳንዱ ቡድን መዝገብ መያዝ ነበረባቸው፤ ማንም ሰው ወደ ቡድኑ ቆሻሻ እንዳይለቅ መከላከልም ከባድ ሆነ። ዋይፋይም መልቲካስትን አይወድም፤ ዝቅ ባለ ፍጥነት ይልከዋል፣ መድረሱንም አያረጋግጥም። በሞባይል ኔትወርክ ላይ እንዲሠራ የተቀረጸው ደንብ ቢኖርም እኛ እጅ ያሉት አብዛኞቹ ስልኮች አይቀበሉትም። እነዚህን ሁሉ አልክድም። ልብ እንበል ግን፣ ከእነዚህ ውስጥ ዋናዎቹ በብዙ ኩባንያዎች መካከል የሚነሡ ችግሮች ናቸው። በአንድ ባለቤት አውታር ውስጥ መልቲካስት ዛሬም በየዕለቱ ይሠራል፤ በየአገሩ በኢንተርኔት መስመር ቴሌቪዥን የሚያሳዩ የቴሌኮም ኩባንያዎች ቻናሎቻቸውን የሚያደርሱት በእርሱ ነው። የአክሲዮን ገበያዎችም የዋጋ መረጃ ለደላሎቻቸው የሚለቁት እንዲሁ ነው። እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ እኛ ዘንድ አንድ ባለቤት ያለው፣ አንዴ ልኮ ሁሉ ጋ የሚያደርስ መንገድ አለ ወይ የሚለው ነው።

አለ፤ በየጣሪያው ላይ ተተክሏል። ከሳተላይት የሚወርድ ሞገድ በተፈጥሮው አንዴ የሚላክ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ዲሽና አንኮበር ያለው ዲሽ እኩል ይቀበላሉ፤ ተራራው፣ ገደሉና የፋይበሩ አለመኖር አይለያቸውም። የአገራችን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በኢትዮሳት በኩል ከኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ሲሰራጩ የሚሆነው ይኸው ነው። መንግሥትም ይህን መንገድ ከሃያ ዓመት በፊት ያውቀዋል፤ በ1997 ዓ.ም. የጀመረው፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» የሚለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አንድን ትምህርት በሳተላይት በመቶ ለሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰዓት ያደርስ ነበር። መረጃን እንዲሁ መላክም ተሞክሯል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለዱት ኖህ ሳማራ ያቋቋሙት ወርልድስፔስ እ.ኤ.አ. በ1998 አፍሪስታር የተባለውን ሳተላይት አመጠቀ፤ ከሬዲዮ ጣቢያዎቹ ጎን ለጎን ራኔት የተባለው ፕሮጀክት የአየር ጠባይ ገጾችን በዚያው ሳተላይት ለአፍሪካ ገጠር ኮምፒውተሮች ይልክ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ከሰረ፤ የከሰረው ግን በንግዱ እንጂ በሞገዱ አይደለም። ዛሬም የአፍሪካ የሜትሮሎጂ ተቋማት የአውሮፓን የሳተላይት ምስሎች የሚቀበሉት ዩሜትካስት በተባለ፣ አንዴ ተልኮ ሁሉም ጋ በሚደርስ ሥርጭት ነው።

ፕላዝማን ስጠቅስ አንባቢ እንደሚያጉረመርም አውቃለሁ። ፕላዝማው ተማሪውን አላስተማረውም፤ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ተማሪ እጁን ቢያወጣ አያየውም፤ መምህሩን ተመልካች አደረገው ተብሎ ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን የወቀሳው ፍሬ ነገር ትምህርት የሁለት ወገን ሥራ ነው የሚል ነው፤ የአንድ ወገን ሥርጭት ለእርሱ አይሆንም። የፈተና ውጤት ግን የአንድ ወገን ወሬ ነው። ተማሪው ውጤቱን አይወያይበትም፤ ይቀበለዋል። ቅሬታ ካለው በማግስቱ በሌላ መንገድ ያቀርባል። ፕላዝማው የከሸፈበት ምክንያት ለውጤት ሥርጭት እንቅፋት አይሆንም፤ በተቃራኒው መንገዱ ለምን ዓይነት ጭነት እንደሚስማማ ያሳየናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። 60 ሜጋባይት በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያሳልፍ የሳተላይት መስመር ላይ ቢለቀቅ ዙሩን ለመጨረስ የሚወስደው 8 ደቂቃ ነው። አንድ ተራ የቴሌቪዥን ቻናል ከዚህ የበለጠ መስመር ይጠቀማል። የአገሪቱ ተፈታኞች ሁሉ ውጤት በ8 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ዲሽ ጋ ይደርሳል፤ በሚቀጥለው 8 ደቂቃ እንደገና። በዞን ከፋፍለን 10 ሺህ ተፈታኝ ላለው ዞን ብቻ የሚሆነውን ብንለይ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ያ በ8 ሴኮንድ ያልቃል። ስልኩ ስለማይቀበልስ? አያስፈልገውም። በትምህርት ቤቱ ወይም በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ዲሽ፣ አንድ መቀበያና አንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ከዋይፋይ ጋር ይቀመጣል፤ ፋይሉን ከሰማይ ይወስዳል፤ በግቢው ያለ ስልክ ሁሉ ከዚያ ኮምፒውተር ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ዳታ ክፍያ ይቀዳዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ይህን መቀበያ ሊሠራ የሚችል ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ፈተናው ራሱ ከሚሰጥባቸው ግቢዎች አንዱ የሆነ። ሌላም የተፈተነ ብልሃት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቱሼ የተባለ አገልግሎት ኢንተርኔት ለተገደበባቸው ኢራናውያን ፋይሎችን በተራ የሳተላይት ቴሌቪዥን ቻናል ውስጥ አስመስሎ ልኳል፤ ሰዉ ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ሰክቶ ቻናሉን ይቀርጻል፣ ከዚያ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ፋይሉን ያወጣል። እኛ ቤት ያለው ሪሲቨርም አብዛኛው የፍላሽ መሰኪያ አለው። አንኮበር ላይ ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ የውጤት ጣቢያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከባለሙያዎች በኩል የሚነሣው ተቃውሞ፣ የዓለም ኩባንያዎች ችግሩን መልቲካስት ሳይነኩ ፈትተውታል የሚል ነው። ቅጂዎችን በየአገሩ በሚያስቀምጡ ሰርቨሮች ላይ ያከማቻሉ፤ አካማይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ለዚሁ ነው፤ ጎግልና ፌስቡክም መሸጎጫዎቻቸውን በየቴሌኮሙ ግቢ ያስቀምጣሉ። ተቃውሞው ግማሹ ልክ ነው። እንዲያውም ነገ ጠዋት መደረግ ያለበት የመጀመሪያው እርምጃ ይኸው ይመስለኛል፤ ውጤቱ በተጠየቀ ቁጥር ከዳታቤዝ እየተፈለገ ከሚወጣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ፋይል ሆኖ፣ ሥዕልና ጌጥ ተራግፎለት፣ በብዙ ቦታ ቢቀመጥ የሰርቨሩ መከራ በእጅጉ ይቀንሳል። ሲኤንኤን መስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካው የሽብር ጥቃት ዕለት፣ የጠያቂውን ጎርፍ የተቋቋመው ገጹን ወደ ጥቂት መስመር ጽሑፍ አሳንሶ ነበር። ሁለተኛው ግማሽ ግን ይቀራል። መሸጎጫው አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ቢቀመጥ ከዚያ እስከ ተማሪው ስልክ ያለው መንገድ፣ ማለትም የገጠሩ የሞባይል ማማና ማማውን ከከተማ የሚያገናኘው መስመር፣ ያንኑ ነገር ለእያንዳንዱ ሰው ደጋግሞ ይሸከማል። የከተማ ሰው የመጨረሻው መንገድ ሰፊ ስለሆነ መሸጎጫ ይበቃዋል። የጠበበው የገጠሩ መንገድ ነው፤ አንዴ የመላክ ጥቅም ጎልቶ የሚታየውም እዚያ ነው። ሁለቱ አይጣሉም፤ አንዱ ለከተማው፣ ሌላው ለገጠሩ ይሁን።

ምስጢርስ? የሰውን ልጅ ውጤት ለአገር ሁሉ መበተን ነውር አይደለም ወይ? በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ላይ መቻኮል አይገባም። የእያንዳንዱ ተፈታኝ ውጤት ተመስጥሮ ይላካል፤ ፋይሉን የያዘ ሁሉ ይይዘዋል፣ የሚከፍተው ግን ቁልፉ ያለው ብቻ ነው። ችግሩ ቁልፉ የምዝገባ ቁጥሩ ብቻ ከሆነ ነው። ፋይሉ እጁ የገባ ተንኮለኛ በራሱ ኮምፒውተር ሚሊዮን ቁጥሮችን በአጭር ጊዜ እየሞከረ የጎረቤቱን ልጅ ውጤት ይከፍታል፤ የሚከለክለው ሰርቨር የለምና። ስለዚህ በመፈተኛ ካርዱ ላይ 12 ያህል በዘፈቀደ የተመረጡ ፊደልና ቁጥሮች ያሉበት የግል ቁልፍ መታተም አለበት፤ ያን ያህል ርዝመት ያለውን በመገመት መክፈት አይቻልም። የከፋ እንዳይመስለን፤ ዛሬም የምዝገባ ቁጥሩን ያወቀ ሰው ወደ 6284 ልኮ የሌላውን ውጤት ሊያይ ይችላል። አዲሱ መንገድ በደንብ ከተሠራ ከአሁኑ ይልቅ የተማሪውን ገመና ይጠብቃል። ከዚህም ጋር ፋይሉ የአገልግሎቱ ዲጂታል ፊርማ ሊኖረው ይገባል፤ ፎርጅድ ውጤት በቴሌግራም በሚዞርበት አገር ተማሪው የያዘው ፋይል ከእውነተኛው ምንጭ የመጣ መሆኑን ስልኩ ራሱ ያረጋግጥለታል። ፋይሉ ሁሉ ጋ ቢደርስም ሳይታወቅበት ሊለውጠው የሚችል አይኖርም።

ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ፤ አንዳንዱ ሰው ዋናው ችግር የኢንተርኔቱ መኖር እንጂ የአላላኩ ዘዴ አይደለም ይላል። እርግጥ ነው፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። የዚያ ዓመት ተፈታኞች ውጤት በ2016 መግቢያ ሲለቀቅ የሰሜን ሸዋ ተማሪ ድረ ገጽም ቦትም በስልኩ ሊከፍት አልቻለም። ኢንተርኔት ይመለስ የሚለው ጥያቄ ምትክ የለውም፤ ይህ ጽሑፍም ምትክ ላቅርብ አይልም። ነገር ግን ያ ዓመት ያሳየው አንድ ነገር አለ፤ የአንድ ልጅ የዓመታት ድካም ውጤት በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። ከሳተላይት የሚወርደው ፋይል በዚያም ጊዜ አንኮበር መድረስ ይችል ነበር። የኢትዮ ቴሌኮምን ገቢ ይቀንሳል የሚልም ይኖራል፤ በዓመት አንድ ቀን በውጤት ገጽ ላይ የሚሸጥ ዳታ ለኩባንያው ከቁጥር የሚገባ አይመስለኝም፤ ማማዎቹ በዚያ ሰዓት ከመጨናነቅ መዳናቸው ግን ይጠቅመዋል።

ይህን መንገድ ለአንድ ቀን ብቻ መዘርጋት ያባክናል የሚለው ስጋት ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲገቡ ይጠፋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተተገበረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፉ ሳይዳረስ እንደተጀመረ የሚታወቅ ነው፤ ብዙ መምህርና ተማሪ የተማመነው በስልክ በሚወርድ ፒዲኤፍ ነው። አንዱ መጽሐፍ በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ይመዝናል፤ በየክፍሉ ያለ ተማሪ ሁሉ የሚፈልገው ያንኑ ፋይል ነው። ለአንዴ መላክ ከዚህ የተሻለ ጭነት የለም። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሆነው መስመር 30 ሜጋባይት የሚመዝን መጽሐፍ በ4 ደቂቃ ያልፋል፤ በአንድ ሌሊት የሁለተኛ ደረጃው መጻሕፍት ሁሉ አልፈው ይደገማሉ። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ዝርዝር፣ የፈተና መርሐ ግብር፣ የደጋው ገበሬ የሚጠብቀው የውርጭና የዝናብ ማስጠንቀቂያ እንዲሁ ናቸው። ሌሎቹን እያንዳንዱ ለብቻው የሚፈልጋቸውን ገጾች ኢንተርኔቱ እንደ ወትሮው ያድርሳቸው፤ እነ አልሜሮዝ ያሉትም ይህንኑ ነበር።

ሙከራው ደግሞ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ሰሜን ሸዋ ለዚህ ምቹ ነው፤ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፣ በአንድ ዞን ውስጥ ውርጫማ ደጋና ሞቃት ቆላ አለው፣ መሐንዲሶችና ተማሪዎች ያሉት ዩኒቨርሲቲ መሀሉ ላይ ተቀምጧል። ትምህርት ሚኒስቴርና የፈተናዎች አገልግሎት ፋይሉንና የግል ቁልፉን ያዘጋጁ፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መቀበያውን ይሥራ፤ በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በቆላው ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይተከል። ድረ ገጹም ቦቱም 6284ም ባሉበት ይቀጥሉ፤ ከእነርሱ ጎን ይሞከር፤ የትኛው ቀድሞ እንደደረሰም በሰዓት ይለካ። የሚመለከታችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ የሚቀጥለው ውጤት ከመለቀቁ በፊት ይህን ሙከራ ጀምሩ፤ የሚያስፈልገው 60 ሜጋባይት ፋይልና የአንድ ቴሌቪዥን ቻናል ሲሶ የማይሞላ የሳተላይት መስመር ነው።